ለማሙሽ፣ ጌሙን ከመተውህ በፊት

ለውድ ወንድሜ፣

 

ባለፈው በስልክ ያልከኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎ ነው ብዕር ያነሳሁት። «እታለም፣ ኤጅ ኦፍ ካላሚቲን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተውኩት። ትጫኛለሽ፣ ይወድቃሉ፤ ትጫኛለሽ፣ ይወድቃሉ። ምኑ ነው ደስ የሚልሽ?» አልከኝ። በስልክ በሁለት ቃል የምመልሰው አልሆነልኝም። አንተ ደግሞ ዋናውን የዜልዳ ጌም፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን እንደዚያ ወደኸው ጨርሰህ፣ የዞራዋን ልዕልት ሚፋን መንገድ ላይ ጥለሃት ስትቀር ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

የምትለው መደጋገም አለ። ከመጀመሪያውም የነበረ ነው። ይህንን ጌም የሠራው ኦሜጋ ፎርስ የሚባለው የጃፓኑ የኮኤይ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ዳይናስቲ ዋሪየርስን ሲያወጣ፣ ጌሙ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚጋጠምበት የድብድብ ጌም ነበር። በ2000 ሁለተኛው በፕሌይስቴሽን 2 ሲመጣ ግን አንድ ጀግና ሜዳ ሙሉ ሠራዊት መሀል ገባ። ታሪኩ የቻይና ሦስቱ መንግሥታት ነው፤ የሉዎ ጓንዦንግ ነው በሚባለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ውስጥ ዣኦ ዩን የጌታውን ሕፃን ልጅ ደረቱ ላይ ሸጉጦ፣ ብቻውን የጻኦ ጻኦን ጦር ሰንጥቆ ይወጣል። ያንን በገዛ እጅህ እንድታደርገው የፈለገ ሰው ስክሪኑን በወታደር መሙላት ነበረበት። ወታደሩ በብዛት ባንድ ጊዜ ሲታይ ደግሞ ኮንሶሉ ለእያንዳንዱ የሚያስብ ጭንቅላት ሊሰጠው አይችልም። ለዚህ ነው ቆመው የሚጠብቁህ፤ አብዛኞቹ ሰይፍ እንኳ ሳያነሱ ነው የሚወድቁት።

እነሱን ጠላቴ ናቸው ብለህ ከተጫወትክ በግማሽ ሰዓት ትሰለቻለህ። የሚያታግልህ ካርታው ነው። በምሥራቅ ያለው ምሽግ ሊወድቅ ነው፤ በምዕራብ ሊንክ ብቻውን ቀርቷል፤ መሀሉን የያዘው ሹም ካልወደቀ በሩ አይከፈትም። ከጀግኖችህ ኡርቦሳን ወዴት ትልካለህ? ዳሩክ በጊዜ ይደርሳል? ካርታውን ከፍተህ ሰዎችህን ማዘዝ፣ ከአንዱ ወደ አንዱም መዝለል ትችላለህ። አንተ ሲሰለችህ ሳትከፍተው የቀረህ ይመስለኛል።

«መጫን ብቻ» ስላልከው እስቲ ሚፋን እንደገና ያዛት። የዋይን ቁልፍ ደጋግመህ መትተህ በኤክስ ስትዘጋው ጦሯ ይሽከረከርና ውሃ ከመሬት ይፈልቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዜድ አርን ስትጨምርበት ግን ከቆመችበት ጠፍታ ከፈለቀው ውሃ ውስጥ ብቅ ትላለች፤ ወደ አየርም ትወጣለች። ያችው ቁልፍ ሬቫሊ እጅ ስትገባ ያበረዋል። ዳሩክ ጥሎት የሄደውን የጋለ ድንጋይ ያፈነዳባታል። ኡርቦሳ ደግሞ ቁልፏን ተጭነህ ስትይዝላት መብረቋን ትሞላለች፤ ሳትሞላ ከተዋጋህባት ግን አቅም ታጣለች። አንዲት ቁልፍ ናት፣ ማሙሽ፤ በየሰው እጅ ግን ጠባይዋ ይለያያል። ይህንን ለማወቅ ደጋግሞ ከመጫን ሌላ መንገድ የለም።

ይህ አንድን ጀግና ከሠራዊት ጋር የማጋጠም ስልት ከ2000 ወዲህ ያልገባበት ቤት የለም። ጋንዳም በ2007፣ ዋን ፒስ በ2012፣ ዜልዳ በ2014፣ ድራጎን ኩዌስት በ2015፣ ፋየር ኤምብለም በ2017። የሚመረጡት አስቀድሞ ሰው የሚወዳቸው ዓለማት መሆናቸውን ልብ በል። ዋናው ጌም ማለቅ አለበት፤ ለታሪኩ ክብደት ሲባልም ሰው ይሞታል፣ ይለያያል። ቅርንጫፉ ጌም የሚሰጠን ከእነዚያ ሰዎች ጋር የምንቆይበት ተጨማሪ ጊዜ ነው። በ2020 ጃፓን ውስጥ የወጣውን ፐርሶና 5 ስትራይከርስን እየው፤ ጓደኛሞቹ በክረምት ዕረፍታቸው በመኪና ሴንዳይን፣ ሳፖሮን፣ ኪዮቶን እያሉ ሲዞሩ አብረሃቸው ትሄዳለህ። ውጊያውን ረስቼ መኪና ውስጥ የሚያወሩትን የማስታውስበት ጊዜ ብዙ ነው።

መደጋገም ሁሉ ግን ጥሩ ነው አልልህም። በ2014ቱ የዜልዳ ጌም፣ በሃይሩል ዋሪየርስ ውስጥ አድቬንቸር ሞድ አለ። ካርታው የ1986ቱ የመጀመሪያው ዜልዳ ካርታ ነው፣ በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ፤ በየካሬው አንድ ውጊያ ይጠብቅሃል። እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! ነገር ግን ሽልማቱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ኤ ማምጣት አለብህ፤ ኤ ለማምጣት በተባለው ደቂቃ የተባለውን ያህል ጥለህ፣ ብዙም ሳትመታ መጨረስ አለብህ፤ ካልሆነ ያንኑ ሜዳ ትደግማለህ። እዚያ ስትደርስ ከማን ጋር እየተጫወትክ እንደሆነ ይጠፋሃል። ሊንክ ይሁን ሌላ፣ ለሰዓቱ የሚሮጥ እጅ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው መደጋገም ዕድሜ ይበላል፤ ሠሪዎቹንም የምወቅሳቸው በዚህ ነው። የኤጅ ኦፍ ካላሚቲ ካርታም እየሰፋ ሲሄድ «ይህን አምጣ፣ ያንን ግደል» በሚል ምልክት ይሞላል። አንተን ያሰለቸህ እሱ ከሆነ ትክክል ነህ።

አሁን የምነግርህ የታሪኩን ሚስጥር ነው፤ አትቆጣኝ። ጨርሶ ሳታየው ከምትቀር ብዬ ነው።

ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ውስጥ ሚፋን የምናውቃት በሌሎች አፍ እንደነበር ታስታውሳለህ። በወገኖቿ በዞራዎቹ ከተማ መሀል ሐውልቷ ቆሟል፤ ለሊንክ የሠራችው ልብስ አለ፤ አባቷ ንጉሡ ሲያነሳት ድምፁ ይለወጣል። ራሷ ከሞተች መቶ ዓመት ሆኗታል። ሲዶን፣ ያ ጥርሱ የሚያብረቀርቀው አጫዋቻችን፣ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እሷ ስትሞት ገና ሕፃን ነበር።

ኤጅ ኦፍ ካላሚቲ ያንን መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይመልስሃል። ከዚያ የምትሞትበት ቀን ይደርሳል። ሚፋ ሩታ በምትባለው ግዙፍ ማሽኗ ውስጥ ብቻዋን ናት፤ የገደላት ያ ፍጡር ፊቷ ቆሟል፤ አንተም መጨረሻዋን ታውቀዋለህ። ያኔ ጊዜን አቋርጦ፣ አድጎ ትልቅ ሰው የሆነው ሲዶን ከፊቷ ይቆማል። ሕፃን ሳለ ያጣትን እህቱን እሱ ያድናታል። ከዚያ በኋላ እሱም በእጅህ ይገባል።

ጌሙ ሲወጣ ይህ ነገር አፍቃሪዎቹን ለሁለት ከፍሏል። ብዙዎቹ የጠበቁት የሚፋንና የጓደኞቿን ሽንፈት እስከ መጨረሻው ሊያዩ ነበር፤ ጊዜ ተቀልብሶ ሲተርፉ «አታለሉን» አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ እኔ ግን አልስማማም። ሐዘኑን ማንም አልወሰደውም፤ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ውስጥ እንዳለ አለ፣ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል። ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። ያንን ትዕይንት በቪዲዮ ብቻ ያየሁት ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባልነካኝ ነበር። ሲዶን ሲመጣ ጣቶቼ የሚፋን ጦር ያውቁት ነበር፤ ውሃው ስንት ጊዜ እንደፈለቀ፣ የት ላይ ብትቆም እንደሚሻላት፣ በየትኛው ምት ላይ እንደምትጋለጥ። ሌላው ሲያወራላት የሰማኋት ሴት፣ ያንኑ ነገር በመደጋገም ብዛት የእኔ ሆና ነበር። ዋናው ጌም ይህንን አልሰጠኝም፤ ሊሰጠኝም አይችልም ነበር። ከአራት ሚሊዮን ኮፒ በላይ የተሸጠውም ቁልፍ መጫን ስለጣፈጠ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

እና እንዲህ አድርግ። ካርታው ላይ የተበተኑትን ምልክቶች ተዋቸው፤ ልብና አዲስ ምት የሚጨምሩልህን ብቻ አንሳ። ዋናውን ታሪክ ተከተል። በአንድ ቁጭታ ከሁለት ውጊያ በላይ አትሂድ፤ እነዚህ ጌሞች ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቷቸው ነው የሚጎመዝዙት። ሹማምንቱ ትልቅ ምት ሰንዝረው ሲስቱ ከጎናቸው ምልክት ይወጣል፤ ያንን ምልክት መትተህ ጨርስ እንጂ ጉልበታቸውን በከንቱ አትቀጥቅጥ።

ጌሙ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሰው ያጫውታል። ለፋሲካ ስትመጣ ሩታ ውስጥ ያለውን ውጊያ አብረን እንደግመዋለን፤ ሚፋን እኔ እይዛለሁ፣ ሲዶንን አንተ። ጆይስቲክህን እንዳትረሳ፤ እዚህ ያለው አንድ ብቻ ነው። እማዬ ስለ ጌሙ ባይገባትም «መቼ ነው የሚደውለው?» ብላለችና እሑድ ደውልላት።

የምትወድህ እህትህ