ነጋን ገሊ

እህህ… እናቴ፣ ዛሬ የእንጨት አንበሳ አይቼ አለቀስሁ።

ለንግድ ከምመላለስባት ከቻይናዋ ኢዉ አጠገብ ዶንግያንግ የምትባል የእንጨት ጠራቢዎች አገር አለች። የሉ ቤተሰብ ጥንታዊ ግቢ እዚያ ነው፤ ትልቁ አዳራሽ በ1456 እ.ኤ.አ. ተጀመረ ይላሉ። በአካባቢው አሮጌ ቤቶች፣ ጣሪያውን በደገፈው እንጨት ላይ አንበሶች ተጠርበው ቁልቁል ያያሉ። ወንዱ ከእግሩ ስር ኳስ ይዟል። ሴቷ ደቦሏን ይዛለች።

ያ አገር አንበሳ አላበቀለም፣ እናቴ። በ87 እ.ኤ.አ. ከፋርስ ምድር ለንጉሣቸው እጅ መንሻ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ጠራቢው ሁሉ ያላየውን አውሬ በወሬ ጠረበው፣ ጎፈሩን እንደ ቀለበት እየጠቀለለ። እኔም እንደነሱ ሆንሁ፤ ፊትሽን በናፍቆት እጠርባለሁ፣ አንዱን መስመር ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

የካምፎር እንጨት ሲፋቅ ያውዳል። ሽታው ቢመታኝ ጊዜ የቡና ጢስሽ ትዝ አለኝ።

እህህ… የከሚሴው በራችን አውሬ አልተጠረበበትም። ቆርቆሮ ነበር፣ ሲከፈት የሚጮህ። ጠባቂው ዱዓሽ ነበር። ከቦርከና ላይ ጭጋጉ ሳይነሣ፣ ከብቱ ወደ ጨፋ ሜዳ ሳይወርድ፣ አቦሉን ቀድተሽ እጅሽን ትዘረጊ ነበር። ሰኞ ለባቲ ገበያ ስነሣ እስከ ደጅ ትሸኚኛለሽ፤ ሂድ አትይኝም። «ነጋን ገሊ» ትይኛለሽ፤ በሰላም ግባ። ገና ሳልወጣ መግቢያዬን ትለምኚልኛለሽ።

ከባቲ ገባሁልሽ። ከሰንበቴ ገበያም ገባሁልሽ። ከዚህ ግን አልገባሁም። መርዶሽ በስልክ ደረሰኝ፤ ጀናዛሽን የሰው ልጅ ተሸከመው፣ አፈሩን የሰው እጅ መለሰው። በሩ ተቆልፏል አሉኝ። በረካውን ማን ጠጣው? እኔ እንጃ።

ሴቷን አንበሳ ቆሜ አየኋት። ስንት ዝናብ፣ ስንት ንጉሥ አልፎ እግሯን ከደቦሏ ላይ አላነሣችም። አንቺ አነሣሽልኝ፤ ልጄ ሠርቶ ይብላ ብለሽ፣ ቃልሽን ብቻ ከኋላዬ አቁመሽ። ያ ቃል ነው እስከ ዛሬ የጠበቀኝ።

አሁን ሸኚው እኔ ሆንሁ። ሂጂ አልልሽም።

ነጋን ገሊ፣ እናቴ።