ስለ አሮጌ መኪና ባለቤትነት

ሰው የሚያገለግለው ዕቃ ሲያረጅበት ይጥለዋል፤ ይህ የቤት ኑሮ ሕግ ነው። ጫማ ሲያልቅ፣ ጃንጥላ ሲሰበር፣ ምንጣፍ ሲሣሣ ማንም ቁጭ ብሎ አያለቅስም። ዳሩ ግን ከሰው እጅ ሥራ መካከል ሲያረጁ የሚወደዱ፣ እንዲያውም ካረጁ በኋላ ከአዲሶቹ ይልቅ የሚፈለጉ ጥቂት ነገሮች አሉ። የብራና መጽሐፍ እንደዚህ ነው፤ ከአያት የወረደ በገናም እንዲሁ ነው። እኔ ግን ዛሬ ለአንባቢ ላወራ ያሰብሁት ከነዚህ ከሁለቱ እጅግ ዝቅ ስላለውና ዘይት ስለሚያንጠባጥበው ዕቃ፣ ማለት ስለ አሮጌ አውቶሞቢልና ስለ አሮጌ ቬስፓ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣውም ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መኪና መጥቶ ሄዷል፤ እንደ ቮልስዋገን ግን በአዲስ አበባ ልብ ውስጥ የገባ ያለ አይመስለኝም። ሕዝቡ በቁልምጫ «ቮልስ» ይለዋል። መልኩ ጥንዚዛ ይመስላል፤ ፊቱ ግን የሚገረም ሕፃን ይመስላል። በታሪካችንም ውስጥ አንድ ቦታ ይዟል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእንደዚህ ያለ ቮልስዋገን ነው። ያን ያህል ሮልስ ሮይስ በነበረበት ግቢ ውስጥ የመጨረሻዋን መንገድ የሄደችው ይህች ትንሽ መኪና መሆኗን ሳስብ፣ ስለ ሁለቱም፣ ስለ ንጉሡም ስለ መኪናዋም፣ ብዙ ነገር ይመጣብኛል፤ ይሁን እንጂ ይህ ለሌላ ቀን ይቈይ።

በቤታችን ያለው ቮልስዋገን በ1961 መጀመሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሠራ ነው። (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ስለምጽፍ አንባቢ እንዳይሳሳት እለምናለሁ።) አባቴ መምህር ነበር። መኪናውን በ1975 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሊመለስ ከተዘጋጀ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ፣ የሦስት ዓመት ቍጠባውን አራግፎ በ3,000 ብር ገዛው። ጊዜው ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ስለ ነበር፣ መኪናው ከሚሄድበት ቀን ይልቅ ቆሞ የሚወለወልበት ቀን ይበልጥ ነበር ይባላል። እኔና ታላቅ እኅቴ፣ ታላቅ ወንድሜም፣ ሦስታችንም ከሐኪም ቤት ወደ ቤታችን የመጣነው በዚሁ መኪና ነው። አባቴ በ2011 ዓ.ም. ሲያርፍ ሊብሬው በሱ ስም፣ መኪናው በሦስታችን እጅ ቀረ።

ይህን መኪና ያልነዳ ሰው ሊያውቀው የማይችል አንድ ነገር አለ። የቤንዚን መለኪያ የለውም። በዚያ ዘመን የተሠሩት ቮልስዋገኖች፣ መለኪያ እስከ ገባላቸው እስከ 1961 አጋማሽ ድረስ፣ በመለኪያ ፈንታ የነበራቸው አንዲት ትንሽ እጀታ ነበረች። ከሾፌሩ እግር ፊት ለፊት ተተክላለች። ሞተሩ ቤንዚን አጥቶ መንተፋተፍ ሲጀምር፣ ሾፌሩ በእግሩ ጫፍ እጀታዋን ያዞራል፤ ያን ጊዜ ለመጠባበቂያ የተቀመጠው ጥቂት ሊትር ይለቀቅና መኪናው ጕዞውን ይቀጥላል። ማደያ ደርሶ ከሞላ በኋላ እጀታዋን ወደ ቦታዋ መመለስ ደግሞ የሾፌሩ ፋንታ ነው፤ የረሳ እንደ ሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መጠባበቂያ የለውም። አባቴ በዚህች እጀታ ብቻ አልታመነም። አንዲት ቀጭን የወይራ በትር ጠርቦ፣ በላይዋ ላይ በግእዝ ቍጥር ፭፣ ፲፣ ፲፭ እያለ እስከ ፵ ሊትር ቀርጾ፣ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ወደ ቤንዚን ጋኑ እየሰደደ ይለካ ነበር። በትሯ አሁንም አለች። የሱ እጅ ጽሑፍ ከቤንዚን ሽታ ጋር ተዋሕዶ በእንጨት ላይ የቀረበት ቦታ ይህ ብቻ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለው መኪና የሚወደደው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ፍጥነት የለውም፤ ሞተሩ 34 የፈረስ ጕልበት ነው፤ እርሱም ቢሆን የተለካው በባሕር ጠረፍ እንጂ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አይደለም። አየሩ በሣሣበት በእኛ አገር ወደ ሩብ የሚጠጋው ጕልበት ይቀርበታል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከጎኑ የሚሄዱ አህዮች እኩል የሚራመዱበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነውና ውሃ አይፈልግም፤ ስለዚህ አዲሱ መኪና ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ እንደ ጀበና ሲንተከተክ፣ አሮጌው ቮልስዋገን እየተንቀረፈፈ ያልፈዋል። ነፋሱን የሚሰጠው ማራገቢያ በአንዲት ቺንጋ ይዞራል፤ ዲናሞውን የምታዞረውም ያችው ቺንጋ ናት። ቺንጋዋ ብትበጠስ ቀይ መብራት ይበራል፤ ሾፌሩም ወዲያው መቆም አለበት። ሌላ የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም፤ ሌላ የሚበላሽ ነገርም ብዙ የለም። ሞተሩ ከመኪናው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው። አራቱን የፈታ ሰው ክሪክ ከሥሩ አድርጎ አውርዶ ሊያየው ይችላል። ዛሬ የሚሸጠው መኪና ግን ኮፈኑ ሲከፈት የላስቲክ ክዳን ብቻ ይታያል፤ ባለቤቱ የገዛውን ነገር አያውቀውም፤ የሚያውቀው ኮምፒውተር ነው። እኔ ባለቤትነት የምለው፣ ወረቀቱን መያዝ ብቻ ሳይሆን የያዙትን ነገር አንጀቱን ማወቅም ጭምር ነው።

ይህ መኪና ብርቅ ሆኖ አይደለም የተወደደው። ከጦርነቱ ፍጻሜ ከ1945 ጀምሮ በብዛት ሲሠራ ኖሮ በየካቲት 1972 የፎርድን ሞዴል ቲ በቍጥር በለጠ፤ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ በሐምሌ 1973 ሳይሆን በሐምሌ 2003 ሲወጣ ጠቅላላ ቍጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ደጃችን ቆሟል፤ እኛ ግን ሌላ ያለ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ስለ ጋራዥ ቋንቋ ጥቂት ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። መኪናው ጀርመን ነው፤ መካኒኩ የጉራጌ ሰው ነው፤ የሚነጋገሩበት ቃል ግን ጣልያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬን፣ ፓራፋንጎ ይባላል። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው፤ የዓመቱ ምርመራ ሲያልፍ የሚለጠፈው ቦሎ ነው። ጣልያን ከአገራችን በጦር ተባረረ፤ ከጋራዥ ግን ያባረረው የለም። መካኒኩን ልጅ ሆኜ ጀምሬ «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ ዛሬ ዐይናቸው ደክሟል። ቢሆንም ሞተሩን አስነሥተው ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡና «ሦስተኛው ካንዴላ ነው» ይላሉ። ሲፈታም ሦስተኛው ካንዴላ ሆኖ ይገኛል። ይህን ዕውቀት የሚወርሳቸው ልጅ በጋራዡ አላየሁም፤ ወጣቶቹ የሚፈልጉት የሕመሙን ስም በቍጥር የሚያወጣ መሣሪያ ነው።

ስለ ቬስፓ ደግሞ፦ በመሥሪያ ቤታችን አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አለ፤ የአጎቱን ቬስፓ ወርሶ እስካሁን ይነዳዋል። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ድምፁን የሰማ ሰው ስሙ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። የፈለሰፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር ይባላል። የፒያጆ ፋብሪካ አውሮፕላን ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በፖንቴዴራ ለድኻው የጣልያን ሕዝብ ርካሽ መጓጓዣ ለመሥራት ተነሣ፤ የፈጠራው መብትም በሚያዝያ 1946 ተመዘገበ። ዳስካኒዮ የማይወዳቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አስወገዳቸው፦ ሱሪ የሚያቆሽሸውን ሰንሰለት አስቀረ፤ ቀሚስ የለበሰች ሴት እንድትቀመጥበት መካከሉን ባዶ አደረገው፤ የፊቱን ጎማ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ አስያዘው። ተቀናቃኙ ላምብሬታ በዓመቱ ከሚላኖ ወጣ፤ ስሙም ከላምብራቴ ሰፈር የተወሰደ ነው። በጣልያን አገር ሥራው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቆሞ መሣሪያው ወደ ሕንድ ተሻገረ። ይህ ባልደረባዬ በጠዋት ማደያ ቆሞ ከመቶው አምስት እጅ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ሲቀላቅል፣ እንደ ፋርማሲ ባለሙያ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲመለከት፣ ከኋላው የተሰለፉት ሾፌሮች ጡሩምባ ይነፉበታል። እርሱ አይቸኩልም። ጭሱ ግን ጥሩ ነው ልል አልችልም። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሲገባ የጥበቃ ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው በሩን ይከፍቱለታል።

እውነቱን ለመናገር ያረጀ መኪና የማይመሰገንበት ነገርም አለው። የኛ ቮልስዋገን የደኅንነት ቀበቶ ሳይኖረው የተሠራ ነው፤ የፊት መብራቱ በ6 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ሌሊት መንገዱን ከማሳየት ይልቅ መንገዱ ጨለማ መሆኑን ያሳያል። ልጆች አሳፍሬ በምሽት አልነዳውም። ይህን ሁሉ ጕድለት አዲስ ዕቃ በመግጠም የሚያርሙ አሉ። ዛሬ በከተማችን ቮልስዋገንን በሚያብረቀርቅ ቀለም ቀብቶ፣ ሰፋፊ ጎማ አልብሶ፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ጭኖ መንዳት ፋሽን ሆኗል። የሰው ንብረት ነውና አልፈርድም፤ ነገር ግን ሽማግሌን የጐረምሳ ልብስ አልብሶ አደባባይ ማውጣት ይመስለኛል። ደግሞም በሸራ ሸፍኖ እያስቀመጠ ለፋሲካና ለሠርግ ብቻ የሚያወጣ አለ፤ ይህኛውም ቢሆን መኪናውን ሐውልት አድርጎታል። መኪና መሄድ አለበት።

ዋጋው እየናረ መሄዱ ሌላ ጣጣ አመጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የከበደ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለ አገር ኤኮኖሚና ስለ አየር ጥራት ምክንያቱ ይገባኛል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና በጸጥታ ሲያልፍ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከውጭ የማይመጣ ነገር በአገር ውስጥ ወርቅ ይሆናልና፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ደጃችን መጥቶ ለአባቴ መኪና 600,000 ብር እሰጣለሁ አለ። ይህ የእኔ የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው።

እኅቴ በማኅበር በተሰጣት መሬት ላይ ቤት ጀምራ ግድግዳው ቆሟል፤ ጣራ ግን አልነበረውም። ዋጋውን ስትሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ሦስተኛው እጅ የእኔ ነው» አለች። ትክክል ነበረች። ወንድሜ ከአሜሪካ ደውሎ «የእኔን ድርሻ ለመኪናው ትቼዋለሁ፤ ብቻ እንዳይሸጥ፤ ስመጣ ልየው» አለ። ቸርነቱን አመሰገንሁ። እኅቴ ግን ስልኩን ተቀብላኝ «አንተ እዚያ ሆነህ ትዝታህን ትጠብቃለህ፤ እኔ እዚህ ክረምቱን እጠብቃለሁ» ብላ መለሰችለት። ሁሉም ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም።

«እትዬ፣ እኔ ልግዛሽ» አልኋት። «በምንህ?» አለች። በዚያ ሳምንት ከመሥሪያ ቤታችን የገንዘብ ቍጠባና ብድር ማኅበር 80,000 ብር ተበደርሁና ሰጠኋት፤ ቆርቆሮው ከሰኔ በፊት ተመታ። የቀረውን 120,000 ብር በየወሩ ሁለት ሁለት ሺህ ልከፍላት ተስማማን። እኅቴ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለ ሆነች ነገሩን በቃል አልተወችውም፤ በሁለት ቅጂ ውል ጻፈች፣ ጋሼ መካኒኩና የቬስፓው ባልደረባዬ ምስክር ሆነው ፈረሙ። ከውሉ ጀርባ ደግሞ በእርሳስ የመኪናውን ክፍሎች ዘርዝራ በእያንዳንዱ ትይዩ ዋጋ ሰጥታዋለች፤ ገንዘብ በከፈልሁ ቍጥር አንዱን ትሰርዛለች። እናታችን ይህን አይታ «አባታችሁ እንኳ እንዲህ አልቈጠረውም» አለች።

እስካለፈው ወር ድረስ 94,000 ብር ከፍያለሁ። በእኅቴ ቈጠራ ሁለቱ በሮች፣ የፊቱ ኮፈን፣ መቀመጫዎቹና አራቱ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው የእኔ ሆነዋል። የወይራዋን በትር ዋጋ ሳትሰጥ በነፃ ለቃልኛለች። ሞተሩና መሪው ግን ገና የእርሷ ናቸው፤ ቅዳሜ ገበያ መሄድ ስትፈልግ በጠዋት ትደውልና «ሞተሬን ይዘህልኝ ና» ትላለች።