ጤፍ ሊገዛ ለሚሄደው ልጄ



ነገ ወደ ቢቸና ስትነሳ እናትህ ስንቅህን አሰናድታለች፤ የእኔ ድርሻ ይህች ወረቀት ናት።

አጎትህ ሲመርቅህ «ብልጥ ሁን» ማለቱን ሰምቻለሁ። እህል በረንዳ የሚውል ሰው ብልጥ ካልሆነ እንደማይዘልቅ እኔም አልክድም። ዋጋ ሳይወጣ ገዝተህ ሲወጣ ብትሸጥ፣ ከሌላው ቀድመህ መኪና ብታገኝ እሰየው። ሚዛን ማንበብ የማትችል ባልቴት አይቶ በየኩንታሉ ኪሎ የሚሸርፈውም ግን በእኛ ገበያ ብልጥ ይባላል። ይኸኛው ለእኔ ሌባ ነው።

ትርፍህ ከሥራህ መጣ ወይስ ከሰውየው ችግር? ሕጉም የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1710 ውል ለአንዱ ወገን አብልጦ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል። ፈቃዱ የተገኘው በሌላው ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ንግድ አለማወቅ ተጠቅሞ ከሆነ ግን ዳኛ ሊያፈርሰው ይችላል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ቢቸና ገበያ የዋሉ ይመስላሉ።

ከሁሉ የምፈራልህ የነሐሴን ብር ነው። ክረምቱ ሲጠና የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፣ የማዳበሪያው ዕዳም አለ። እንበል አንዱ ነጋዴ መጥቶ 5,000 ብር ይሰጠውና «ጥር ላይ በጤፍ ትከፍለኛለህ» ይለዋል። ጥር ሲደርስ የሚረከበው ጤፍ 7,000 ብር ያወጣል። በአምስት ወር 2,000 ብር! ሕጉ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ስለሚከለክል፣ በዚህ ስሌት ቢበዛ የሚገባው 250 ብር ነበር። «ቅድሚያ ክፍያ» ቢሉት፣ «መረዳዳት» ቢሉት አራጣ ነው። የሰው ችግር ላይ ቆሞ እንዲህ የሚያበድረውን ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 በእስራት ይቀጣዋል። መንደሩ ውስጥ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ቡና ጠርተው ያጫውቱሃል፤ ጨዋ ይመስላሉ።

ከገበሬው ጋር ተከራከር፣ ቀንስ በለው፣ እሱም ይጨምርብህ፤ ንግድ ነው። የአዲስ አበባን ዋጋ ሲጠይቅህ ግን እውነቱን ንገረው። ልጇ ታሞባት ቸኩላ የምትሸጥ ሴት ብትመጣ፣ ለጎረቤቷ የከፈልከውን ዋጋ ሳታጎድል ክፈላት። ብድር የሚጠይቅህ ካለም ብሩን ከመስጠትህ በፊት ለእኔ ደውልልኝ።

አባትህ