የኮንፈርሜሽኑ ወረቀት እኔ ጋ ነበር

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው የእንጦጦ መንገድ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ አለ። ጉለሌ ላደገ ሰው ኤምባሲው ማለት በዙሪያው የበቀለው ሥራ ነው፦ ፎቶ ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ትርጉም ቤቱ፣ በሩ ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት የለጠፈው ኢንተርኔት ቤት። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ ቤቶች በአንዱ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መስከረም መጨረሻ ዲቪ ሲከፈት እንቅልፍ ብሎ ነገር አልነበረም፤ ኔትወርኩ ትንሽ የሚላወሰው ሌሊት ስለሆነ ቀን ፎቶ እናነሳለን፣ ሌሊት እንሞላለን።

በኢንተርኔት የተጭበረበረ ሰው ታሪክ ሲወራ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በተጭበረበረው ላይ ነው። «እንዴት አይነቃም?» ይባላል። እኔ በቅርብ የማውቀው ሰው ሲበላ ግን ለሌባው በሩን ገርበብ አድርጌ የተውኩለት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቪ ተሞልቶ ሲያልቅ አንድ ገጽ ይወጣል፤ ስም፣ የትውልድ ዘመንና የኮንፈርሜሽን ቁጥር ያለበት። ዕጣው ወጥቶልህ እንደሆነ የምታየው በዚያ ቁጥር ነው። ወረቀቱን ለባለቤቱ አትሞ መስጠት ሲገባን ካርቶን ውስጥ እናስቀረው ነበር። የደረሰው ሰው ቀጣዩን ፎርም እኛው ጋ መጥቶ እንዲያስሞላ፣ ከደስታውም እንዲያካፍለን ነው ዘዴው። ኢሜይል ለሌለው ደንበኛ ደግሞ እኔው ራሴ አድራሻ ከፍቼ፣ የይለፍ ቃሉንም እኔው እይዘዋለሁ። ከዚህ የከፉም ነበሩ፤ ቁጥሩን ይዘው «እገሊትን ሚስትህ ብለህ ካላስገባህ አንሰጥህም» ብለው ባለዕድሉን የሚደራደሩ። እዚያ ድረስ አልሄድኩም፤ ወረቀት በማስቀረቱ ግን ከማንም አላንስም ነበር።

ድሮ ዲቪ የሚደርሰው በፖስታ ነው። የፖስታ ሳጥን ያለው ጎረቤት የሰፈሩ ሁሉ አድራሻ ነበር፤ ዕጣው ከሚካሄድባት ከአሜሪካዋ ኬንታኪ የሚመጣውን ፖስታ አገር ይጠብቀው ነበር። ማመልከቻው ከ1996 ጀምሮ በኢንተርኔት ቢሆንም ለባለዕድሎች ደብዳቤ መላኩ አልቀረም ነበር። በ2003 የሞላነው ዲቪ 2012 ላይ ግን ደብዳቤው ቆመ፤ ውጤቱ የሚታየው ድረ ገጹ ላይ፣ በኮንፈርሜሽን ቁጥር ብቻ ሆነ። ያ ዓመት ደግሞ ጉደኛ ነበር። ሚያዝያ 23 ውጤት ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ 22,000 ያህል ሰው «ደርሶሃል» ተባለ። ግንቦት 5 ሁሉም ተሰረዘ። የኮምፒውተር ስህተት ነው፣ ከተመረጡት 90 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሞሉ ናቸው ተባለ። አዲሱ ዕጣ ሐምሌ 8 እስኪወጣ ድረስ ያልተወራ ወሬ አልነበረም።

ለደንበኛ ከከፈትኳቸው አድራሻዎች በአንዱ ኢሜይል የመጣው በዚያ መሃል ነው። አናቱ ላይ ንስር ያለበት ማኅተም፣ ከጎኑ ባንዲራ፤ የላኪው ስም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት። «ውድ አሸናፊ» ብሎ ይጀምራል። ዕጣው እንደገና ወጥቶ ደርሶሃል፤ 880 ዶላር በአሥር ቀን ውስጥ ለንደን ላለው ወኪላችን በሐዋላ ላክ፤ ካልላክህ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይተላለፋል ይላል። የወኪሉ ስም የአንድ ግለሰብ ስም ነው። የአሸናፊው ስም ግን የትም የለም። ስሙን የሞላሁት እኔ ነኝ! በዚያ አድራሻ የሞላሁት የአንድ ሸማኔ ጎረቤቴን ማመልከቻ ብቻ ስለነበር «የእሳቸው ነው» ብዬ ደመደምኩ።

ወረቀታቸው ካርቶኑ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ድረ ገጹን ብከፍት ኖሮ አዲሱ ውጤት የሚወጣው ሐምሌ ላይ እንደሆነ የሚናገረውን ማስታወቂያ አነብ ነበር። እኔ ግን ቀድሜ ማብሰር ፈለግሁ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የምሥራች!»

«ምስር ብላ፣ ልጄ!»

መወርወሪያቸውን ድሩ ላይ ጣል አድርገው፣ እግራቸውን ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አውጥተው አቀፉኝ።

ያኔ ከዚህ ወደ ውጭ ዶላር መላክ ቀላል ስላልነበር ነገሩ ቤይሩት ላለችው ልጃቸው ተነገራት። ሰው ቤት ተቀጥራ በወር 150 ዶላር ነበር የምታገኘው። ከጓደኞቿ ተበድራ ላከች። ገንዘቡ ለንደን በገባ በሳምንቱ ሁለተኛ ኢሜይል መጣ፤ አሁን ደግሞ ለጤና ምርመራ ሌላ 400 ዶላር። ያኔ ነው ደንገጥ ብዬ የላኪውን ስም ስጫን ከሥሩ ያለውን አድራሻ ያየሁት። የአሜሪካ መንግሥት አድራሻ በዶት ጎቭ ያልቃል፤ ይሄኛው ማንም በነጻ የሚከፍተው ኢሜይል ነበር። ሐምሌ 8 ቁጥራቸውን አስገባሁ። አልደረሳቸውም።

ዕጣው እንደወጣ የሚያበስር ኢሜይል እንደማይላክ፣ የቪዛው ክፍያም የሚፈጸመው በቃለ መጠይቁ ቀን ኤምባሲው ውስጥ በአካል እንደሆነ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኤምባሲው ከጋሼ ቤት በእግር የሚደረስበት ነው። እኛ ለንደን ላክን።

ስነግራቸው አልተቆጡም። «አንተ ታውቃለህ ብዬ እኮ ነው» አሉ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ግማሹን በየወሩ እየቆራረጥኩ ከፈልኩ። የቀረውን እሳቸው «ተወው» አሉኝ። ልጃቸው ተወው አላለችም፤ እውነቷን ነው።

የካርቶኑን ወረቀቶች ለየባለቤታቸው መለስኩ። ዛሬ ማጭበርበሩ ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቴሌብርን መልእክት አስመስሎ ከተራ ስልክ የሚጽፍ፣ ከዚያም ደውሎ «በስህተት ልኬብህ ነው፣ በእናትህ መልስልኝ» የሚል ሞልቷል። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ቀሪ ሂሳቡን በራሱ እጅ ያየ ሰው አይበላም። የሚበላው መልእክቱን ብቻ አንብቦ የሚመልሰው ነው። ቴሌግራም ላይም የወዳጅህ አካውንት ተጠልፎ «የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» ይልሃል፤ ለወዳጅህ ራሱ ደውለህ ብትጠይቀው ያልቃል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የእናቶቻችን ነገር ነው። ስንቷ እናት የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሯን ልጇ ወይም ባለሱቁ ይዞላታል! ሂሳቧን ራሷ ማየት የማትችል ሴት የደወለላትን ከማመን ሌላ ምን ታደርጋለች? «አታውቂውም፣ እኔ ልያዝልሽ» የምንለው እኛ ነን፤ ያው ካርቶን ነው።

በ2004 ዲቪ ሲከፈት ጋሼ እኔ ጋ አልመጡም። ወደ ታች ካለ ሌላ ቤት እንደሞሉ ሰማሁ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው የኮንፈርሜሽኑን ወረቀት ተቀብለው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እነሱ ጋ አለ» አሉኝ። «ሲደርስ እንደውልልዎታለን ብለውኛል።»