«አንድ ፕላስ ብቻ ነው!»

ጋዜጠኝነት ተምረን ከተመረቅን ወዲህ ዘመድ አዝማዱ «አንቺ የተማርሽው» እያለ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ያስነብበናል። የመብራት ቢል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሐኪም ወረቀት… እኛም አናሳፍርም፣ እናነባለን። የዛሬው ወጋችን ሳይገባን ስላነበብነው አንድ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ የአክስታችን ልጅ ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሰ። መተማ ገንዘቡን ሰጠችው፤ ንዳዱንም መረቀችለት። በሳምንቱ አንቀጠቀጠው፣ አተኮሰው፣ አስመለሰው። አክስታችን «ግሽ ዓባይ ጠበል ልውሰደው» አለች። እኛ «መጀመሪያ ደሙ ይታይ!» ብለን ወደ አንድ ክሊኒክ ይዘነው ሄድን። ውጤቱ ወጣ፦ ፋልሲፓረም፣ አንድ ፕላስ። አክስታችን ዓይን ዓይናችንን ታያለች።

«አክስቴ፣ አይዞሽ! ከአራት አንድ ብቻ እኮ ነው። ቀላል ነው።»

ኪኒኑን ይዘን ቤት ገባን። ዋጠው፤ አስመለሰው። ደግመን ሰጠነው፤ አሁንም አስመለሰው። እኛ ግን «አንድ ፕላስ ነው» እያልን አደርን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቱን አላወቃትም።

«አንድ ነው አላልሽኝም ነበር?» አለችን። ሆስፒታል እስክንደርስ ድረስ አፋችን ተሳስሮ ቀረ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል። አርቴሱኔት በደም ሥሩ ተሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ሽሮ አማረኝ አለ። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀረ፦ አንድ ፕላስ ሰውን እንዴት ራሱን ያስተዋል?

መልሱን ካልጠበቅነው ቦታ አገኘነው፤ የደም ሕዋስን በኮምፒውተር አስመስለው ከሚሠሩ ሰዎች ጽሑፍ።

አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 8 ማይክሮሜትር ያህል ስፋት አለው (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ከሚያልፍባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች መካከል ግን 5 ማይክሮሜትር ብቻ የሆኑ አሉ። ታዲያ እንዴት ያልፋል? የቡሬን ገበያ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ጢም ብሎ የተሞላ የበቆሎ ጆንያ በጠባብ በር አይገባም፤ ጎደል ያለው ግን ተጣጥፎም ተጣሞም ይገባል። ቀይ የደም ሕዋስ ጎደሎ ጆንያ ነው። ሽፋኑ፣ ሕዋሱ ድብልብል ኳስ ቢሆን ኖሮ ከሚበቃው በ40 በመቶ ያህል ይሰፋል። ከሽፋኑ ሥር ደግሞ ስፔክትሪን የሚባል የሚለጠጥ መረብ አለው። እንዲህ እየተጣጠፈና እየተዘረጋ 120 ቀን ያህል ይኖራል።

በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ገብቶ ይህን ማየት ከባድ ስለሆነ ተመራማሪዎች ወደ ኮምፒውተር ዞሩ። መረቡን በብዙ ነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያያይዙ ሞላዎች ይሠሩታል፤ ከዚያ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ከፈሳሽ ጋር ይለቁትና እያንዳንዱ ነጥብ የት እንደሚደርስ ያሰላሉ። ጆርጅ ካርኒያዳኪስ፣ ሱብራ ሱሬሽና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ በፋልሲፓረም የተያዘ ደም በጠባብ ቱቦ ሲፈስ ምን ያህል እንደሚቸገር በዚህ መንገድ አስልተዋል።

ጥገኛው ሕዋሱ ውስጥ ሲያድግ ያ ለስላሳ ጆንያ ይደነድናል። እነ ሱሬሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ልኬት ድንዳኔው እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ላይ የበሰለ ጥገኛ የተሸከመው ሕዋስ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። አንዱ ሲቆም ከኋላው ያለው ይሰለፋል… የጠባብ ድልድይ ላይ አይሱዙ በሉት!

ልባችንን የመታው እዚህ ላይ ነው። ጣት ተወግቶ በሚወሰድ ደም ውስጥ የሚታዩት በብዛት ገና ያልበሰሉት ጥገኞች ናቸው። የበሰሉት በጥልቅ ሥሮች፣ በአንጎልም ጭምር፣ ተጣብቀው ተደብቀዋል። አንድ ፕላስ ማለት በመቶ የማይክሮስኮፕ ዕይታ ከአንድ እስከ አሥር ጥገኛ ተገኘ ማለት እንጂ በሽታው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ላብራቶሪው ያየውን ጻፈ፤ «ቀላል» የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን።

ታይላንድ ውስጥ በጽኑ የወባ ሕሙማን ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ደግሞ የቀይ ሕዋሳት መደንደን ሞትን አስቀድሞ እንደሚጠቁም አሳይቷል። ጥገኛ ያልገባባቸው ሕዋሳት ሳይቀሩ ይደነድናሉ!

ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ ያልለመደው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች የመታው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ታማሚው መድኃኒቱን ካስመለሰ፣ ከዘባረቀ ወይም መነሳት ካቃተው የፕላሱን ቁጥር ተዉትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እኛ አንድ ሌሊት አባክነናል።

አክስታችን ለምስጋና ልጇን ይዛ ግሽ ዓባይ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። አሁንም ወረቀት ታመጣልናለች። እኛም ያልገባንን «አላውቅም፤ ሄደን እንጠይቅ» ማለት ለምደናል።

ቸር እንሰንብት።