በረዶ አገር ያሉ እናቶች እንዴት ይከርማሉ?

ውድ እናቶችና እኅቶች፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሁላችንም ጭንቀት ተመሳሳይ ነው። የልጆች ልብስ አይደርቅም፤ ጫማው ሁሉ ጭቃ ነው፤ ትንሹ ልጅ ይስላል፤ ጠዋት በዝናብ ልጅ አድርሶ በሰዓቱ ሥራ መግባት ራሱን የቻለ ትግል ነው። ታዲያ ክረምቱ ሦስት ወር መሆኑ ቀርቶ ስድስት ወር ቢሆን፣ የሚወርደውም ዝናብ ሳይሆን በረዶ ቢሆን፣ ፀሐይም ጨርሳ ልትጠፋ ብትቃረብ ምን እናደርግ ነበር? ለዛሬ ይህ ችግር የዘወትር ኑሮ ወደ ሆነበት ስፍራ፣ በሰሜን ፊንላንድ ወደምትገኘው ወደ ሮቫኒየሚ ከተማ ይዘናችሁ እንጓዛለን።

ሮቫኒየሚ ላፕላንድ የተባለው የአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል ዋና ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነት ተቃጥላ ከሞላ ጎደል ወድማ ነበር፤ ዛሬ የምትታየው ከተማ ከዚያ በኋላ እንደገና የተሠራች ናት። በዚህ ስፍራ በረዶ ሲባል እኛ እንደምናውቀው ከዝናብ ጋር ጣራ እየደበደበ ወርዶ ወዲያው የሚቀልጠው ጠጠር አይደለም። እንደ ተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ በኅዳር ወር መሬቱን የሸፈነውም እስከ ሚያዝያ ድረስ አይነሣም። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 እና 25 ዲግሪ ቢደርስ ለነዋሪው ብርቅ አይደለም። በዚያው በላፕላንድ፣ በኪቲላ ወረዳ ፖካ በተባለች መንደር እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ከዜሮ በታች 51.5 ዲግሪ ተመዝግቧል።

እስቲ በታኅሣሥ ወር አንዲት ሠራተኛ እናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልጇን ይዛ ከቤት ስትወጣ እንመልከት። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፀሐይ የምትታየው ወደ 5 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ፈቅ ብላ መልሳ ትጠልቃለች። ከዚያ ርቆ በሰሜን ጫፍ ባለው በኡትስዮኪ ደግሞ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ፣ 50 ቀን ያህል፣ ፀሐይ ከነአካቴው አትወጣም።

ይህች እናት ልጇን ያለበሰችው አንድ ወፍራም ካፖርት አይደለም። ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሱፍ፣ ከሁሉም ውጭ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ሙሉ ቱታ ታለብሰዋለች። በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ራሱ ሙቀት ይይዛልና። ከቱታው ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ትንሽ ቁራጭ ይንጠለጠላል፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ያበራል፤ ሾፌሩም ልጁን ከሩቅ ያያል። በጨለማ የሚሄድ እግረኛ ይህን እንዲይዝ የአገሩ ሕግ ያዛል። መኪና ያላቸውም ሞተሩ በብርዱ እንዳይደርቅ ሌሊቱን ከመቆሚያው ሶኬት ጋር አያይዘው ያሳድሩታል። በመዋዕለ ሕፃናቱ በር አጠገብ የሞቀ አየር የሚነፍስበት ቁም ሣጥን አለ፤ የረጠበ ቱታና ጓንት ሁሉ እዚያ ይሰቀላል። ልጆቹ በየቀኑ ውጭ ወጥተው በበረዶ ስለሚጫወቱ ያለዚህ ቁም ሣጥን ኑሮው አይገፋም።

ምናልባት ከሁሉ የሚያስደንቃችሁ የሕፃናቱ እንቅልፍ ይሆናል። የፊንላንድ እናቶች ሕፃኑን በሱፍ ጠቅልለው፣ በጋሪ አድርገው፣ ቀን ቀን ውጭ ያስተኙታል። ይህ ልማድ እንዲስፋፋ ያበረታቱት አርቮ ዩልፖ የተባሉት የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ያን ጊዜ ቤቶቹ ጠባብና ጢስ የበዛባቸው በመሆናቸው ንጹሕ አየር ለሕፃን መድኃኒት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እናቲቱ ግን አስተኝታው አትረሳውም፤ እየወጣች አንገቱን በእጇ ትዳስሳለች። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ካለፈም ሕፃን ውጭ እንዳይተኛ ይመከራል።

እኅቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ፊንላንድ ሁልጊዜ ሀብታም አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድኻ አገር ነበረች፤ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 65 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 መንግሥት ለድኻ እናቶች አንድ የካርቶን ሣጥን ማደል ጀመረ። በውስጡ የሕፃን ልብስ፣ አንሶላና ትንሽ ፍራሽ አለ፤ ሣጥኑም ራሱ የሕፃኑ የመጀመሪያ አልጋ ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ ለሁሉም እናቶች ሆኗል። ሣጥኑን ለማግኘት ግን እናቲቱ እርግዝናዋ አራት ወር ሳይሞላ ሐኪም ቤት ወይም የእናቶች ምክር መስጫ ጣቢያ ቀርባ መመርመር አለባት። እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ልብሱ ሳይሆን ምርመራው ነው። እያንዳንዱ ወረዳ እንዲህ ያለ ጣቢያ እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ1944 በሕግ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ተማሪዎች ሁሉ በየትምህርት ቤታቸው ትኩስ ምሳ በነፃ ይመገባሉ። ዛሬ በዚያ አገር ከ1,000 ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። ብርዱ አልቀነሰም፤ የቀነሰው የእናቶች ብቸኝነት ነው።

ሰው ደግሞ በሥራና በጭንቀት ብቻ አይከርምም። ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ሳውና ይገባል፤ ይኸውም የጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየረጩ በእንፋሎቱ የሚታጠቡበት ትንሽ የእንጨት ክፍል ነው። ወይባ ጢስ የሞቃችሁ እናቶች ከዚያ ሲወጡ አጥንት ድረስ የሚሰማውን ዕረፍት አታጡትም። 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባለባት አገር 3 ሚሊዮን የሚሆን ሳውና አለ። ሐኪም ቤት ሳይስፋፋ በፊት እናቶች የሚወልዱትም ሞቃትና ንጹሕ በሆነው በዚሁ ክፍል ነበር።

ልጆች የበረዶ ኳስ ድቡልቡል እየሠሩ ይከምሩና በመካከሉ ሻማ ያበሩበታል፤ ጨለማው ውስጥ ፋኖስ መስሎ ይታያል። አባቶች በበረዶ የተጋገረውን ሐይቅ በስተው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። ሴቶች የሱፍ ካልሲ ይሠራሉ። አረጋውያን እናቶች ወንበር ያለበትን መንሸራተቻ እየገፉ ገበያ ይሄዳሉ፤ ዘንቢላቸውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሲደክማቸውም ራሳቸው ያርፉበታል። ከዐቢይ ጾም በፊት እንደ እኛ ቅበላ ያለ በዓል አላቸው፤ በዚያ ዕለት ልጅ ዐዋቂው ከኮረብታ ላይ በበረዶ ይንሸራተታል። በጥንት ጊዜ ርቆ የተንሸራተተ ሰው ተልባው ረዥም ሆኖ ይበቅልለታል ይባል ነበር።

ይሁን እንጂ ሁሉ ደስታ ነው ማለት አይደለም። ከብርዱ ይልቅ ጨለማው ይከብዳል፤ ሰውነት ይዝላል፤ እንቅልፍ ይበዛል፤ ሆድ ይብሳል። ለሕፃናት በፀሐይ ፈንታ ከተወለዱ በሁለት ሳምንታቸው ጀምሮ የቪታሚን ዲ ጠብታ ይሰጣል። ለዐዋቂዎችስ? ለዐዋቂዎች ጎረቤትና ቡና አለ። ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና በመጠጣት በዓለም ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይሰለፋሉ። ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ቆርሰው፣ በመስኮት በረዶውን እያዩ፣ የእኛን አገር ፍሬ እየጠጡ ያወጋሉ። ይህንስ ከማንም የበለጠ እኛ እናውቀዋለን።

እንግዲህ ውድ እናቶች፣ ከዚህ የምንወስደው ልጆቻችንን ውጭ ማስተኛትን አይደለም። የእነርሱ እናቶች ከእኛ የበለጠ ጠንካሮች አይደሉም፤ ሸክሙን ግን ለአንዲት ሴት ብቻ አልተዉትም። እናንተም ካረገዛችሁ ሆዳችሁ እስኪገፋ ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የክረምቱን ልብስና ጫማ በግንቦት አስቡበት። የጎረቤታችሁ ልጅ በዝናብ ሲሄድ ካያችሁም ከልጃችሁ ጋር በአንድ ጃንጥላ አድርሱት፤ በነጋታው የእናንተን እርሷ ታደርስላችኋለች። ብርድም ሆነ ጭቃ ተካፍለው ሲሸከሙት ይቀላል።