አለንጋ ምን ያስተምራል?



ልጅን የሚቀርጸው ምክር ብቻ አይደለም፤ ከሥራው ቀጥሎ የሚያገኘው ውጤትም ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባወጣው ጥናት የተራበች ድመትን በሳጥን ዘግቶ ተመለከተ። ድመቷ በአጋጣሚ የበሩን ገመድ ስባ ወጥታ ምግብ ስታገኝ፣ ከቀን ወደ ቀን ያንኑ ፈጥና መድገም ጀመረች። በኋላም ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጦችና በእርግቦች ጥናቱን አሰፋው። መልካም ውጤት የተከተለው ሥራ ይደጋገማል፤ ምንም ያልተከተለው ቀስ በቀስ ይጠፋል።

እኛ ጉናጋዶ ላይ ጠዋት በዱግሲ ሎህ፣ ከዚያም በመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተር ይዘን ያደግን ነን። ዛሬ ደግሞ እናስተምራለን። «እኛም ተገርፈን ነው የተማርነው» የሚሉን ወላጆች ብዙ ናቸው። ይህን የሚሉን ግን ጸንተው የቀሩት ናቸው፤ ሸሽተው ከግመሎቹ ጋር የቀሩት አይጠየቁም።

ነገሩን እናስተውል። ምዕራፉን ያልያዘ ልጅ ከዱግሲ ሲቀር ፍርሃቱ ወዲያው ይለቀዋል። ያ እፎይታ ለእርሱ ሽልማት ነው፤ ስለዚህ ነገም ይቀራል። ሊያስተምረው የተነሳው አለንጋ ያስተማረው መሸሽን ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዱ እንዲህ ነበር። በመጣ ቀን ስለቀረበት ቀን መጠየቁን ትተን፣ ለያዛት ሁለት መስመር በእኩዮቹ ፊት «ማሻ አላህ» አልነው። መቅረቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ቀነሰ።

ቤት ውስጥም ይኸው ነው። ልጅ ለከረሜላ ሲያለቅስ አራት ጊዜ ከልክለን በአምስተኛው ከሰጠነው፣ የተማረው አብዝቶ ማልቀስን ነው። አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚሸለም ልማድ ለመጥፋት አስቸጋሪ መሆኑን ስኪነር አሳይቷል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከዚያ እጅግ ቀድሞ አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ የምሬት ቃል እንኳ እንዳልሰሙ ተናግረዋል።

እናንት ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ያጠፋውን ከመቁጠራችሁ በፊት ያሳመረውን አንድ ነገር ፈልጉና ንገሩት። ነገም ያንኑ ይዞላችሁ ይመጣል፣ ኢንሻ አላህ።